ስልኩ ላይ የቀረው በሬ

ሥራዬ ስህተት ፈላጊውን ሶፍትዌር፣ ዲበገር የሚሉትን፣ ራሱን ስህተት ሲሠራ መያዝ ነው። ኬንያ ሞያሌ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለናይሮቢ ሰዎች እሠራለሁ። ቁጭ ማለቴ እንኳ ውሸት ነው፤ ያን ሳምንት ወንበሩ እሾህ ሆኖብኝ ነበር።

ዲበገሩን በሁለት መስኮት ከፍቼ አንድ ፕሮግራም እመረምራለሁ። በአንደኛው መስኮት አንድ ነገር ከፕሮግራሙ ሳጠፋ ሁለተኛው «የለም» ማለት ሲገባው እንዳለ አድርጎ አሳየኝ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ለአለቃዬ ደግሜ ላሳየው ስሞክር ግን ስህተቱ አልታይ አለ። አለቃዬም «እኛ ጋ የለም» ብሎ ጻፈልኝ። ቀጥሎ «እርግጠኛ ነሽ?» አለ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነው። ዋሾ ተብዬ ልባረር ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው በጩኸት ተናጋ። አባቴ ከብት ነጋዴ ነው። ኦዳ ከሚባለው ሰፈር ለመጣ አንድ ሰው በስልኩ የበሬ ፎቶ አሳይቶ «ይኸው፣ ቦሪ ነው ያለው» ብሎ ቃል ሰጥቶት ነበር። ሰውዬው በፒኪፒኪ፣ በሞተር ብስክሌት፣ ቦሪ መንደር ድረስ ቢሄድ በሬ የለም። ለካ ያንኑ ፎቶ በስልኩ የያዘው አጎቴ በሬውን ጠዋት ድንበር ማዶ ሸጦታል፤ ለአባቴ አልደወለለትም።

«ሃፓና፣ ሙዜ! አይሆንም፣ አባት! በዚህ ሽበት ይዋሹኛል?» አለ ሰውዬው።

አባቴ ስልኩን ዓይኑ ሥር ደቀነበት። «ይኸው እኮ! ይኸው!»

ያኔ የእኔ ስህተት ገባኝ። ፎቶው የተነሳው በሬው ከመሸጡ በፊት ነው። አለቃዬም፣ እኔም ለእሱ ሳሳይ፣ ሁለተኛውን መስኮት የከፈትነው ነገሩ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ስህተቱን መጀመሪያ ሳየው ግን አስቀድሜ ከፍቼው ነበር። ሮጬ ገባሁ። ሁለቱንም ከፈትኩ፣ በሁለቱም አየሁት፣ በአንደኛው አጠፋሁት። ሁለተኛው አሁንም «አለ» ይላል። ደገምኩት፤ አሁንም አለ! አካሄዱን ጽፌ ለአለቃዬ ላክሁ።

መልሱ ቶሎ መጣ፦ «አየሁት። ልክ ነሽ።»

ደስታዬ ግን ከበሩ አላለፈም። ሰውዬው ሄዷል። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ለእሱ «ልክ ነህ» ብሎ የሚጽፍለት የለም።

ሻሼን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ሰውዬውን ፒኪፒኪ መቆሚያው ጋ፣ ሊነሳ ሲል ደረስኩበት።

«ወንድሜ፣ አባቴ አልዋሸህም» አልኩት። «ያየውን ነው የተናገረው።»

ሳምንቱን ሙሉ ስለ እኔ አንድ ሰው እንዲህ ቢልልኝ ብዬ ስመኝ ነበር።

ሰውዬው አየኝ። «እንግዲያው ያን ፎቶ ያጥፉት» አለና ከፒኪፒኪው ወረደ።