ወንድሜን ለማስተኛት ወደ አምቦ

ከኮልፌ የተነሣነው በኅዳር ወር፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። ተጓዦቹ እኔና ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነን። የጉዟችን ምክንያት ቀበሌው በሰጠን የይለፍ ወረቀት ላይ «ለፍል ውሃ ሕክምና» ተብሎ ተጽፏል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ወንድሜ ከእስር ከተፈታ ጀምሮ ጋደም ብሎ ተኝቶ አያውቅም። ሌሊቱን የሚያሳልፈው ግድግዳ ተደግፎ፣ ጉልበቱን አቅፎ ነው። እንቅልፍ ሲጥለውም ያው እንደተቀመጠ ነው። እግሮቹ አብጠው ጫማ አልገባ ብሏቸዋል። የመረመረው ሐኪም፣ «እግሩን ዘርግቶ ካልተኛ መድኃኒቱ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ውሎ አድሮ መራመድም ያቅተዋል» ብሎናል። እኔ ደግሞ ሰውነትን ስለማሳረፍ ጥቂት አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። ያን ያስተማረኝ ሰው ያለው አምቦ ነው።

ሰውየው ሚስተር ናራያን ይባላል። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ ያስተማረን፣ በኋላ ወደ አምቦ የተዛወረ ህንዳዊ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፈቃደኛ የሆንነውን ጥቂት ተማሪዎች ሰብስቦ፣ ወንበሮቹን ወደ ዳር አስገፍቶ፣ ሲሚንቶው ላይ ዮጋ ያሠራን ነበር። ሌሎቹ ለሣቅ ነበር የሚመጡት፤ ቶሎ ተዉት። እኔ ግን አልተውኩም። ወንድሜ ሲታሰር ትምህርቴን አቋርጬ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ያለ ፍራሽ ቤት ሥራ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ስሰፋ ስለምውል ወገቤ ይያዛል። ከወገቤ ይልቅ ግን ፍርሃቱ ይብስ ነበር፤ ደጃችን መኪና በቆመ ቁጥር ከእንቅልፌ እነቃ ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይነሣ፣ አከርካሪዬን ሳጥፍና ስዘረጋ፣ ትንፋሼን ሳስረዝም፣ ወገቤ ተፈታ። ፍርሃቱ ባይጠፋም ልክ አገኘ። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዝቼ፣ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ የቀረውን ራሴን አስተማርኩ።

የዮጋው መዝጊያ በጀርባ መንጋለል ነው። እጅ ከጎን ትንሽ ራቅ ይላል፤ መዳፍ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ ዐይን ይጨፈናል። ከዚያ ከእግር ጣት ጀምሮ ሰውነትን በየተራ መልቀቅ ነው። መጽሐፉ ይህን አተኛኘት «ሬሳ» ይለዋል። በእኛ ቤት በእነዚያ ዓመታት ይህን ቃል ደፍሮ የሚያነሣ ስላልነበረ፣ እኔ «ዕረፍት» አልኩት።

ለወንድሜ አዲስ የጥጥ ፍራሽ ሰፍቼ ይህን ላስተምረው ሞከርኩ። ትንፋሹን እንዳልኩት ያስገባል፣ ያወጣል። አንገቱን ያዞራል፣ ትከሻውን ያላላል። ተቀምጦ የሚሠራውን ሁሉ ያለ ስንፍና ይሠራል። ጋደም በል ስለው ግን ፍራሹን ያይና፣ «ዛሬ አይሆንም» ይላል። በማግስቱም ዛሬ አይሆንም። መምህሬ ያላሳየኝ አንድ ደረጃ አለ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

እናቴ በሶና ቆሎ ቋጥራ እስከ አጥሩ በር ሸኘችን። ስለ ዮጋው አልነገርኳትም። አንድ ቀን በጭንቅላቴ ቆሜ አግኝታኝ፣ ቄስ ይምጣ ብላ ሰፈር አስነሥታ ነበር። ወንድሜ ቀድሞ ሲወጣ እናቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«አደራህን ሙሌ። ተኝቶ አይቼው ልሙት።»

ኬላው

በውይይት ታክሲ፣ በሰው ስሙኒ ከፍለን አውቶብስ ተራ ደረስን። የአምቦው አውቶብስ ሞተሩ እየጮኸ ሰው ይጠብቃል። ወንድሜን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኩት። እግሩ ያረፈው ነጭ ቀሚስ በለበሱ አንዲት እናት የጨው ከረጢት ላይ ነው። ላነሣው ስል፣ «ተወው፣ ጨው አይታመም» አሉኝ። ጨዉን ከመርካቶ ገዝተው ጊንጪ ገበያ ሊሸጡ ነው የሚሄዱት።

አስኮን አልፈን ኬላ ላይ ቆምን። ሁላችንም ወረድን። ተሳፋሪው ወረቀቱን እያወጣ መሰለፍ ጀመረ። ወንድሜ ግን ከአውቶብሱ እንደወረደ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ወደ አጥሩ ዞሮ ቁጢጥ አለ። ሁለት እጁን ከራሱ ኋላ አቆላለፈ።

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ሌላ አየ። አንድ ወጣት ወታደር መጣ።

«ተቀመጥ ያለህ ማነው?»

ወንድሜ እጁን አላወረደም።

«ታሞብኝ ነው፣ ጓድ» አልኩና ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

«ምኑን?»

«እግሩን።»

«እግሩን ያመመው ሰው ነው ቁጢጥ የሚለው?»

ከወንድሜ ጎን ቁጢጥ አልኩ። «በአፍንጫህ አስገባ። አሁን በቀስታ አውጣ» እያልኩ በጆሮው ተነፈስኩለት። ትንፋሹ ደረቱ ላይ ተይዞ እንደ ውሻ ያለከልካል።

«ምንድን ነው የምታንሾካሹክለት? ድግምት ነው?»

«ስፖርት ነው።»

«ስፖርት!» ወደ ባልደረባው ዞረ። «ና ጉድ እይ። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ስፖርት። የኛ አሠልጣኝ ይህን ቢያውቅ ኖሮ እግራችን ባልተላላጠ ነበር።»

ሁለቱም ሣቁ። ጨው ነጋዴዋ ከሰልፉ ወጥተው፣ «እንኳን አሣቃችሁ፣ ልጆቼ» አሉ። «አሁን ግን ልቀቁን፤ ሳንደርስ ገበያው ሊፈታብኝ ነው።» ወታደሩ ወረቀቱን ሳያነበው መለሰልኝ። ወንድሜን በብብቱ ይዤ አነሣሁት። እጆቹን ከራሱ ኋላ ያወረዳቸው መቀመጫችን ላይ ከደረስን በኋላ ነው።

ሆለታን፣ ጊንጪን

ሆለታ ላይ አውቶብሱ ለቁርስ ቆመ። ትኩስ ዳቦና ሻይ ገዛሁ። ወንድሜ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ፣ ግማሹን በልቶ፣ ግማሹን በኪሱ ከተተ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ቤት ውስጥ እናቴ ኮቱን ስታጥብ የደረቀ ዳቦ ከኪሱ እየለቀመች ታወጣለች፤ አንድም ቀን ለምን ብላው አታውቅም።

ከአዲስ ዓለም በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። የጤፉ ማሳ ቢጫ ሆኖ አጫጆች ገብተውበታል። አጨዳው ካለፈበት ቦታ ነዶው በመስመር ተጋድሟል። መልካም አገር ነው። እኔ ግን ያን ቀን የተጋደመ ነገር ሁሉ ስለ ወንድሜ ያሳስበኝ ነበር።

ጨው ነጋዴዋ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ምን ሆኖ ነው ብዬ አልጠይቅህም» አሉኝ። «የኔም ልጅ ሲመለስ ማንም አልጠየቀውም። ሳይጠይቁ ነው የሚሻለው።»

«እኛም አልጠየቅነውም፣ እማማ» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ሁሉም ቤት እንዲህ ነበር። የተፈታን ሰው «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ይሉታል፤ ያጥቡታል፣ ያበሉታል። ምን እንዳየ ግን አይጠይቁትም። አጥር ጆሮ አለው። ያልሰሙትን ነገር ማንም ከአፋቸው ሊያወጣ አይችልም። ይህን እንደ ጨዋነት እንቆጥረው ነበር፤ ጥንቃቄም ነበር። ጊንጪ ላይ ከረጢታቸውን አወረድኩላቸው። ወንድሜን በመስኮቱ ትክ ብለው አዩትና፣ «በርታ የኔ ጌታ» ብለው ሄዱ።

አምቦ

አምቦ የደረስነው ጸሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የሚስተር ናራያንን ቤት አሳየን። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መምህሬ ደጁ ላይ የታጠበ ሸሚዝ እየሰቀለ ነበር። ከስቷል፤ ጸጉሩ ሸብቷል።

«እኔ ሙሉጌታ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል፣ የቅዳሜው» አልኩት።

ብዙ አየኝ። «አንቺ ነው?» አለ በመጨረሻ። ድሮም ወንዱን ሁሉ አንቺ ነበር የሚለን። «ያ ዝም የምትይ ልጅ?»

ገባን። ሻይ አፈላልን። የማውቀውን ሁሉ ወለሉ ላይ ሠርቼ አሳየሁት። አንገቴን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «እዚህ ድንጋይ ነው። ሌላው ጥሩ» አለኝ። ያን ጊዜ የመጣሁበትን ነገርኩት፤ የእግሩን እብጠት፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ፍራሹን፣ «ዛሬ አይሆንም» የሚለውን። «ከመጨረሻው በፊት ያላሳዩን ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሰውነቱን ለመተኛት የሚያዘጋጅ አንድ ደረጃ?»

ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። መምህሬ ሄዶ ፊት ለፊቱ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«አንቺ ለምን አይተኛም?» አለው።

ደነገጥኩ። ይህን ጥያቄ በእኛ ቤት የተናገረው ሰው አልነበረም። ወንድሜ ግን የተቆጣ አልመሰለኝም። ምናልባት ሰውየው እንግዳ፣ አንድ ቀን ወደ አገሩ የሚመለስ ስለሆነ ይሆናል፤ ምናልባትም የጠየቀው ሰው ስለተገኘ ብቻ ይሆናል።

«ክፍሉ ጠባብ ነበር» አለ። «ሁላችንም አንድ ላይ መተኛት አንችልም። ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። ሌሊቱ ሲጋመስ የተቀመጠው የተኛውን ይቀሰቅሰዋል፤ ቦታ ይለዋወጣሉ። የእኔ ተለዋጭ ወንድይፍራው የሚባል ልጅ ነበር።»

ሻዩን አየው፤ አልጠጣውም።

«አንድ ሌሊት ሳል ይዞኝ ነበር። ተኛሁ። ተራው ሲደርስ አልቀሰቀሰኝም። እንድተኛ ብሎ ነው። ሊነጋጋ ሲል ስሙ ተጠራ። ስነቃ ጫማውን ያስራል። ‹ለምን አልቀሰቀስከኝም?› አልኩት። ‹ነገ ደርበህ ትከፍለኛለህ› አለና ሣቀ። ወጣ። አልተመለሰም።»

የሻዩን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ሳይተኛ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ተራው የእሱ ነው። በሰው ተራ አልተኛም።»

ሚስተር ናራያን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ወደ እኔ ዞረ።

«ሙሉጌታ፣ እኔ ሒሳብ ነው የማስተምር። ዮጋ አባቴ አሳየኝ፣ እኔ እናንተን አሳየሁ። ለወገብ ጥሩ ነው፣ ለትንፋሽ ጥሩ ነው። ለዚህ...» እጁን ዘረጋና ባዶ መዳፉን አሳየኝ። «ለዚህ አላውቅም።»

ያ መዳፍ ከተማርኩት ሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

መምህሬ አልጋውን ለእኛ ለቆ ከጎረቤቱ አደረ። ጠዋት ስነሣ ከእኔ ጎን ያለው የአልጋው ግማሽ እንደተነጠፈ ነው። ወንድሜ ግድግዳው ሥር ነበር። ወረቀታችን የሚለውን ለመፈጸም ፍል ውሃው ዘንድ ሄድን። ያበጠ እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው እብጠቱን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ብዙ ቆየ።

መልስ

በመመለሻችን ኬላው ላይ ሌሎች ወታደሮች ነበሩ። ወንድሜ እንደገና ወርዶ ቁጢጥ አለ። በዚህኛው ጊዜ ትንፋሽ አላስተማርኩትም። ጎኑ ቁጢጥ ብዬ ጠበቅኩት፤ የሣቀብን አልነበረም።

ኮልፌ ስንደርስ ጀምበሯ እያዘቀዘቀች ነበር። እናቴ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ፊቱን ሳይሆን ፊቴን አየች።

«ተኛ?» አለችኝ።

«መንገዱ አድክሞታል» አልኳት።

ራት ከበላን በኋላ ከወንድሜ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። በአውቶብሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ሳስበው የመጣሁትን ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ዛሬ በወንድይፍራው ፋንታ እኔ ልቀመጥ። አንተ ተኛ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሱ መቀመጥ አልቀረበትም፣ ሙሌ። የቀረበት መተኛት ነው።»

ከዚህ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት ይኸው ነው። የሰውን ጅማት ሁሉ በየተራ ማላላት ተምሬ ነበር፤ ወንድሜን የያዘው ግን ጅማት አልነበረም። ሰውነቱ ታሟል ብዬ ስታገል፣ እሱ የወንድይፍራውን ተራ እየጠበቀ ነበር። ይህን ለማወቅ አምቦ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር፤ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። ደግሞም አወቅኩት እንጂ ምንም አላቀናሁም። እግሩ ዛሬም ያብጣል። እኔም ጠዋት ጠዋት ዮጋዬን እሠራለሁ፤ ወገቤ ደህና ነው። መዝጊያው ላይ ስደርስ ግን አልንጋለልም። ተቀምጬ እጨርሳለሁ።

ያን ምሽት የሰፋሁትን ፍራሽ አውጥቼ ከወንድሜ ፊት አነጠፍኩት። ተኛ አላልኩትም፤ ተራው የወንድይፍራው ነበር። እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ቦታ ለቀቀ፤ የታጠፈውን የፍራሹን ጫፍም በእጁ አቀናው። እናቴ ከጓዳ ስትወጣ ፍራሹ መዘርጋቱን አይታ ፊቷ በራ። ብርድ ልብሱን አምጥታ ፍራሹን አለበሰችው፤ ራስጌውን ለልጇ ገለጥ አደረገችለት። ለማን እያነጠፈች እንደሆነ አልነገርኳት። እሷም አልጠየቀችኝም።