የካኒሻይ ሰባት ምንጣፎች

ካኒሻይ ሰው ማመስገን አትችልበትም። እናቷም እንዲሁ ነበሩ፤ የዘር ነው። ደግ የዋለላት ሰው ፊት ምላሷ ይተሳሰርና ወይ ትቆጣለች፣ ወይ ሻይ ላፍላ ብላ ጓዳ ትገባለች። እናም በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ዕድሜ ልኳን ስትመኘው የኖረችው ነገር ደርሶ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ውስጥ የብቻዋን የሥዕል ኤግዚቢሽን እንድታሳይ ስትጠራ፣ ምስጋናዋን በእጇ ልትናገር ቆረጠች።

የምታመሰግናቸው ሰባት የመንደሯ ሴቶች ነበሩ። ሁለት ጸደይ ሙሉ ከየበጎቻቸው ሱፍ ሸልተው አመጡላት። ሱፉን በፈላ ውሃ እያራሱ፣ እየጠቀለሉ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በእግራቸው እየረገጡ ሰባት ትልልቅ ነጭ ምንጣፎች አወጡላት። መንደሩ ሁሉ እንደ እናቱ «አፓ» የሚላቸው አሮጊቷ ኡርኩያ አፓ መርገጥ ቢያቅታቸው፣ ጥቅሉ ላይ ቁጭ አሉና «እኔ ክብደት ነኝ» አሉ። የባሏ እህት ባትማ ደግሞ እየረገጠች ስትሳደብ ዋለች። «ሰው በወረቀት ይስላል፤ የኛይቱ ምንጣፍ አማራት! ባሏ በጊዜ ሞቶ ተገላገለ!» ትላለች፤ ሁሉም ይስቃሉ። ካኒሻይ ግን ሻይ ልታፈላ ገባች።

ከዚያ ቤቷን ዘግታ፣ ከምድጃዋ በጠረገችው ጥላሸት፣ በእያንዳንዱ ምንጣፍ ላይ የአንዷን ሴት ፊት ሳለች። ለማንም አላሳየችም፤ ሲጠይቋትም «እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነው የምስለው» አለቻቸው። ያላለቀ ሥራ ዓይን ይበላዋል፤ ይህን ያገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። አዳራሹ ሲከፈት መጥተው ከራሳቸው ፊት ጋር እንዲገጣጠሙ ነበር ሐሳቧ። እነሱም ምኑንም ሳያውቁ ሚኒባስ ተከራይተው፣ አዲስ ሻሽ ገዝተው፣ ቀኑን ይቆጥሩ ነበር።

ሥራው መሃል ላይ ሲደርስ ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም አላት። የመጨረሻውን የኡርኩያ አፓን ፊት በግራ እጇ ቀኟን ጨብጣ እየሳለች አራት ወር ፈጀባት። ሲያልቅ ስምንተኛ እንደሌለ ልቧ አወቀው። ምን ያደርጋል፣ ሰባቱ ይበቃሉ አለች።

ለኤግዚቢሽኑ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት፣ ጥላሸቱ እንዳይራገፍ አድርጎ የሚያስይዘውን የሚረጭ ፈሳሽ ልትገዛ ቢሽኬክ ወረደች። ስትወጣ ለባትማ ቁልፉን ሰጥታ «እርጥበት እንዳይገባ ምድጃውን አንድጂልኝ» አለቻት። «የጠቀለልኳቸውን ምንጣፎች እንዳትነኪ» አላለቻትም። ባትማን አትንኪ ማለት ንኪ ማለት ነው፤ እናም ዝም አለች። ይህች ዝምታ ናት ቤቷን ያፈረሰችው።

ስትመለስ በረዶ ወርዶ ተራራውን የሚያሻግረው መንገድ ተዘጋና ሁለት ቀን ከሥሩ አደረች። በሦስተኛው ቀን የፈሳሹን ጠርሙስ አቅፋ ግቢዋ ስትደርስ፣ ሰባቱም ሴቶች ዱላ ይዘው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ እየሳቁ አገኘቻቸው።

«መጣች! መጣች!» አለች ባትማ። «አንቺ ጉደኛ፣ ምድጃሽ ስንት ዘመን ሲያጨስብሽ ኖሯል? ብል በልቷቸው እንዳይሆን ብዬ ጫፍ ጫፋቸውን ብገልጥ፣ ጥላሸት በጥላሸት! በዚህ ልትሄጂ ነበር? የከተማ ሰው የዚህ መንደር ሴት እጇን አትታጠብም ይበለን?»

«ምን አደረጋችሁ?» አለች ካኒሻይ።

«ምን እናደርጋለን! ደረቅ በረዶ ወርዶልን፣ ደፍተን ቀጠቀጥነዋ! አምስቴ ቦታ ቀየርን። አልለቅ ሲለን በመጥረጊያ ፈተግነው። ምን ዓይነት ክፉ ጥላሸት ነው ባክሽ?»

እዚያ አገር የመጀመሪያው ደረቅ በረዶ የምንጣፍ ሳሙና ነው። በረዶው ላይ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ከጀርባው መቀጥቀጥ ነው፤ ያልቀጠቀጠች ሴት ትታማለች። ካኒሻይ ፊቶቹን ስትስል የጀመረችው ደግሞ ከጫፉ፣ ከፀጉራቸው ነበርና ጫፉን ለገለጠ ሰው ጥቁር ብቻ ነው የሚታየው። ፊታቸውን ሳያዩት ደፉት።

ካኒሻይ አንዱን ገለበጠች። ነጭ ነው። ሌላውን ገለበጠች። ሰባቱንም ገለበጠች። የፊታቸው ማኅተም ቀርቶበት እንደሆን ብላ ዞራ በረዶውን አየችው፤ ጠቁሯል፣ ግን እግር ረግጦታል። ሰማይ ተደፋባት። ልትጮህ አፏን ከፈተች።

ያን ጊዜ ኡርኩያ አፓ መዳፋቸውን ዘረጉላት። በዱላው ተልጦ ደም አዝሏል። «እኔም መታሁ ልጄ» አሉ፣ እንደ ሕፃን እየኮሩ። «የዛሬን እንኳ ክብደት ብቻ አልሆንኩም።»

ካኒሻይ አፏን ዘጋች። ብትናገር እኚህ ሴትዮ ጸጸቱን ይዘውት መቃብር ይገባሉ። ባትማም ብትሆን ምላሷ ነው እንጂ የሚረዝመው፣ ልቧ እንቁላል ነው። ሆድ ይፍጀው አለች።

«ኤግዚቢሽኑ ቀርቷል» አለች። «አዳራሹን ለሌላ ሰጡት።»

ግቢው ተናወጠ። «ቤታቸው ይፍረስ!» «ሴት ስለሆነች ንቀዋት ነው!» «ሚኒባሱ አለን አይደል፣ ሄደን በዚሁ ዱላ እንቀጥቅጣቸው!» ባትማ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ካኒሻይ አላለቀሰችም፤ ነገ ለአዳራሹ ደውላ ምን እንደምትል ታስብ ነበር። በዚህ እጅ ሌላ አይሳል፤ ምን ብላ ቀጠሮ ታስለውጣለች?

«በይ አትዘኚ» አለች ባትማ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እንኳን ነጡልሽ! እነሱ ካልፈለጉት እኛው እንቀመጥበታለን።»

ምንጣፎቹን አስገብተው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አነጠፉ። ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ዳቦ ተቆረሰ። ካኒሻይ የቱ ምንጣፍ የማን እንደነበር ከጠርዙ ታውቀዋለች። ባትማ የራሷ ላይ ተጋድማ ሻይ ትጠጣለች።

ኡርኩያ አፓ ነጩን ሱፍ በተላጠው መዳፋቸው እየዳበሱ «ለመሆኑ ልጄ፣ ምን ልትስዪበት ነበር?» አሏት።

«አበባ» አለች ካኒሻይ።

«ምን ዓይነት አበባ?»

ካኒሻይ ቀና ብላ አየቻቸው። ከግራ ዓይናቸው ሥር ተነሥቶ አገጫቸው ድረስ የሚወርደውን መስመር፣ ያንን ብቻውን አንድ ወር የፈጀባትን መስመር፣ ሽራፋ ጥርሳቸውን፣ ሁሉን አየች።

«ረሳሁት አፓ» አለች።