የሲሚንቶው ሽንኩርት

ከአዳማ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የትውልድ ከተማዬ፣ አደባባዩ መሀል ከሰው የሚበልጥ የሲሚንቶ ሽንኩርት አቁመዋል። ትናንት ሳልፍ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ጥላው ሥር አንዲት ሴት እውነተኛውን ሽንኩርት ዘርግታ ትሸጣለች። ደንብ አስከባሪው «ሐውልቱን ጋርደሻል» እያለ ፊሽካ ይነፋባታል።

የመኪናዬን መስኮት ዝቅ ሳደርግ ፀሐይ የመታው ልጣጭ ሸተተኝ።

እዚሁ ቦታ፣ አደባባዩ ሳይሠራ፣ አክስቴ ጫልቱ ለአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን ትልልቅ እንግዶች ያልፋሉ ተባለና አንድ ጎረምሳ ጥበቃ ዱላውን ይዞ መጣ።

«እማማ፣ ይነሱ» አላት።

አክስቴ የሞላው ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዶቹ ወጥ አይበሉም እንዴ? ማጀታቸው ሲገባ ያላሳፈራቸው ሽንኩርት እዚህ ሲያዩት ምኑ ያሳፍራቸዋል?»

እኔ ፈርቼ ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ። ዞር ሳትል፣ «አንቺም ተቀመጪ» አለችኝ። «ከቆምሽ የምትሄጂ ይመስላቸዋል።»

ተቀመጥኩ። ጎረምሳው ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ጆንያው ውስጥ ሆኖ ጭኔን ይቆረቁረኝ የነበረው ሽንኩርት ነው።

ትናንት ፊሽካው እንደገና ሲነፋ ሴትየዋ ሽንኩርቷን መሰብሰብ ጀመረች። መኪናዬን ዳር አስይዤ ወረድኩ።

«ተይው እህቴ፣ ቁጭ በይ» አልኳትና ከጎኗ ያለው ገና ያልተፈታ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ደንብ አስከባሪው መጥቶ ልብሴንም መኪናዬንም አየ።

«እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ሽንኩርት እንሸጣለን» አልኩት። «ስንት ኪሎ ላድርግልህ?»