ያልታመመችው እናቴ

ይህን ነገር ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ስናገር ይቺን ዘልዬ አልፋለሁ። ለማታውቁኝ ለእናንተ መናገር ለምን ቀለለኝ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ ቢያሳፍረኝም መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

አዳማ ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር እቁብ አለን። በወር አንድ እሁድ ዳኛው ጋሽ ቶሎሳ ግቢ እንሰበሰባለን፤ ብሩ ይዋጣል፣ ዕጣ ይወጣል። ያልተጻፈ ደንብም አለን። ችግር የጠናበት አባል ካለ ተነስቶ ይለምናል፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ይለቅለትና እሱ በሌላ ጊዜ ይወስዳል። ማንም አይገደድም። ግን እኔ ካደግሁ ጀምሮ እምቢ ያለ ሰው አላየሁም። ልቀቅ ተብሎ የማይጠየቀው ራሱም ሰው የታመመበት ወይም የሞተበት ብቻ ነው።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ በሂሳብ አያያዝ ተመርቄ ሥራ እፈልግ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ የምንኖረው በጡረታው እና እናቴ በምትሸጠው በርበሬ ነው። የቤታችንን ወጪ የምደለድለው እኔ ነበርኩ። ከዘይቱ እየቀነስኩ፣ ከታክሲው እየቀነስኩ፣ ለእቁቡ የሚሆን አላጣም ነበር። ለእናቴም ደጋግሜ እነግራታለሁ፦ «የመጀመሪያ ዕጣና የመጨረሻ ዕጣ ብሩ እኩል ነው፤ የሚገዛው ቆርቆሮ ግን እኩል አይደለም።» ዕቅዴ ከቤታችን ኋላ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ ለተማሪ ማከራየት ነበር። በዕቅዴ እኮራ ነበር።

እናቴ አራስ አክስቴን ልትጠይቅ ሁሩታ በሄደችበት ወር እቁቡ ላይ እኔ ተተካሁላት። ዕጣው ለእኛ ወጣ። ገና ሰው አጨብጭቦ ሳይጨርስ እትዬ ዘይቱና ተነሱ። ከእኛ ሦስተኛው በር ላይ የሚኖሩ፣ አንዲት የፈረንጅ ላም አልበው ወተት ለሰፈሩ የሚሸጡ ሴት ናቸው።

«ማሎ ሰኒ፣ እባክሽ፣» አሉኝ፣ «ሰውዬዬን የኩላሊት ጠጠር ነው አሉት። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ አሁን ደግሞ ሆዱ ውስጥ ጀመረልኝ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሰው ሲያየኝ ምላሴ የሚታሰር ልጅ ነኝ። እሺ ማለት አልፈለግሁም፤ የሲሚንቶው ዋጋ ፊቴ ላይ ተደቅኗል። እምቢ ማለት ደግሞ አፈርኩ።

«እማዬ ታማለች፣» አልኩ። «ሁሩታ ያለችው ታማ ነው።»

እትዬ ዘይቱና ደረታቸውን ያዙ። «ውይ አስካለ! ምነው ልጄ ሳትነግሪን? አላህ ያሽራት!» ብለው ተቀመጡ። ስለ ባላቸው አንዲት ቃል አልጨመሩም። ጋሽ ቶሎሳ «ሚኒባስ ተከራይተን ሄደን እንጠይቃታ!» ሲሉ፣ ሰው እንዳያያት ተከልክሏል አልኩ። እንደውል ሲሉኝ፣ ትረበሻለች አልኩ። እኔ፣ ገበያ ላይ ዋጋ መከራከር የማፍረው፣ ይህን ሁሉ ተናገርኩ። መዋሸት እንዴት አላሳፈረኝም?

ብሩን ተቀብዬ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ገዛሁ። ፈጠንኩ። የፈጠንኩት ዋጋ እንዳይጨምር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ አሁን ሳስበው ግን መመለስ እንዳልችል ነበር።

እናቴ ቅዳሜ መጣች፣ ፊቷ ወዝቶ፣ የስንዴ ከረጢት በጫንቃዋ ተሸክማ። ምንም አልነገርኳትም ነበር፤ በስልክ ልጀምር ብዬ ስንቴ ተውኩት። ነጠላዋን ሳታወርድ እትዬ ዘይቱና በጆግ ወተት ይዘው ገቡ።

«ኧረ አንቺ፣ ታመሽ ነው ከረጢት የምትሸከሚው? በይ ጠጪ! ሲያምሽ ወተት ነው መድኃኒቱ። ደግሞ የመጨረሻዋ ናት፤ ላሟን ዛሬ ጠዋት ሸጥኳት።»

እናቴ አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እናቴ በርበሬ ስትሸጥ ሚዛኑ ላይ ሁልጊዜ ቆንጥራ የምትጨምር ሴት ናት፤ ዋሽታ ሰምቻት አላውቅም።

«ተሻለኝ ዘይቱ፣» አለች። «አለፈ።» ወተቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ብቻችንን ስንቀር ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። «ዕጣሽን ባትለቂ መብትሽ ነው፣» አለችኝ። «እኔን ለምን አሳመምሽኝ? በይ፣ ሄደሽ ንገሪያት። ተሻለኝ ብዬ ጊዜ ያገኘሁልሽ አንቺው እንድትነግሪያት ነው።»

«እሺ» አልኳት። አልሄድኩም።

ባላቸው በላሟ ገንዘብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ዳኑ። ላሟ ግን አልተተካችም። እትዬ ዘይቱና ተራቸው ደርሶ እቁባቸውን ሲወስዱ ብሩ ግማሽ ላም እንኳ አይገዛም ነበር። ይህን ከኔ የተሻለ ማን ያውቃል? ለእናቴ ያስረዳኋት እኔ አይደለሁ? አሁን ጠዋት ጠዋት በረታቸውን ሳይሆን የሰው ቤት ይጠርጋሉ።

ስሌቴ ትክክል ነበር። ክፍሎቹ አንድ ወር ባዶ ሆነው አያውቁም፤ በኪራያቸው እናቴ በርበሬ መሸጥ አቁማለች። ተሳስቼ ቢሆን፣ ገንዘቡ ጠፍቶ ቢሆን፣ ተቀጣሁ ብዬ እጽናና ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲህ ወተት አትጠጣም። ለሰው ለሆዴ አይስማማኝም ትላለች። ለእኔ ምንም አትልም።

እትዬ ዘይቱናን መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ሁልጊዜ ያስቆሙኛል፣ እጄን ይይዛሉ። «ሰኒ፣ ያ የእናትሽ ሕመም ተመልሶባት አያውቅም?»

«አያውቅም፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ከልባቸው። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ዋሽቼ ያበቃሁ መስሎኝ፣ በተጠየቅሁ ቁጥር እንደ አዲስ እዋሻለሁ።

ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ የምትሰጡኝ የእናንተ ያልሆነ ነገር ነው። ዓይን አፋርነቴንም ምክንያት አላደርገውም። መልሱን እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር፦ ለእናንተ የነገርኳችሁ፣ ይህን ሁሉ መጻፍ ሦስተኛውን በር ከማንኳኳት ስለቀለለኝ ነው።