የዘንዶ ስብ

ባለፈው ቅዳሜ አሶሳ ገበያ ውስጥ ሳልፍ የከረመ ስብ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አፌን ምራቅ ሞላው፤ ዞር ብዬ ተፋሁት። እንደው ልንገርህ፣ ያ ሽታ አንድ በጋ ሙሉ የአባቴ ሽታ ነበር።

አባቴ ከወሎ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። ሳንባው ከታመመ ቆይቶ ነበር። በየበጋው ሣሩ ሲቃጠል፣ ጭሱ ከተማው ላይ ሲተኛ፣ ደረቱ ሲር ሲር ይል ነበር። በአፉ የሚስባት መድኃኒት ነበረችው፤ ያን ዓመት መንገድ ተዘጋና ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፋች።

አጎቴ፣ አብሮን የሚኖረውና ሲጋራ ከአፉ የማይለየው የእናቴ ወንድም፣ ከገበያ አንድ ባለመድኃኒት ይዞ መጣ። ሰውየው ጥፍሩ ሥር እድፍ ተጋግሯል። የማርማላታ ጠርሙስ አወጣ፤ ውስጡ ቢጫ ነገር አለ፣ ላዩ ላይ ዝንብ ሰጥሞበታል።

«የዘንዶ ስብ ነው። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ» አለና ዝንቡን በጣቱ አውጥቶ ጣቱን ላሰ።

እናቴ አመነችው። ምን ታድርግ፣ ባሏ ዓይኗ እያየ ይታፈናል።

አባቴ አፍንጫውን ይዞ ዋጠው፤ አስመለሰው። በማግስቱም እንደዚያው። ሽታው በላቡ፣ በጋቢው፣ በምንበላበት ሳህን ሁሉ ተጣበቀ። እኔ ራቴን ደጅ ቁጭ ብዬ መብላት ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ሲያስመልስ ትን አለውና ከንፈሩ ጠቆረ። ጎረቤታችን፣ የበርታ ተወላጅ የሆኑ እናት፣ ጩኸታችንን ሰምተው ገቡ። ጠርሙሱን አሸተቱት።

«ይሄ መድኃኒት የለም! ይሄ ቆሻሻ ነው!» አሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ ባጃጅ ጥራ፣ ቶሎ!»

አማርኛ የአፍ መፍቻቸው ስላልሆነ፣ ሴት ልጅ መሆኔን እያወቁ ሁልጊዜም «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ተደርጎለት ነፍስ ሲዘራ፣ የስቡን ነገር የሰማችው ነርስ እናቴን ሳይሆን አጎቴን ነበር ትክ ብላ ያየችው። ከዚያ ለአባቴ ቀስ ብላ አስረዳችው፦ «መድኃኒቷ ስትመጣ ይጀምሯታል። እስከዚያ ወደ ጭስ አይጠጉ። በአፍንጫ ይሳቡና እንደሚያፏጭ ሰው ከንፈርዎን አሹለው በቀስታ ያውጡ። አክታውን አይዋጡት። ከንፈርዎ ዳግም ከጠቆረ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።»

እናቴ ምድጃውን ጓሮ አወጣች፤ አጎቴንም ከነሲጋራው አስወጣችው። ለእኔ የአክታው ጣሳ ደረሰኝ። አባቴ ሙቅ ውኃ ይጠጣል፣ ጎንበስ ብሎ «ሃህ! ሃህ!» እያለ ያወጣዋል። አረንጓዴ ነው፤ እንደ ተልባ ይለጠጣል፣ ከከንፈሩ እስከ ጣሳው ጠርዝ ክር ይሠራል። አመድ ነስንሼበት ፊቴን አዙሬ ወደ ጉድጓዱ እወስደዋለሁ። እስከ ዛሬ ተልባ አልጠጣም።

«ያስጠላል አይደል?» አለኝ አንድ ቀን።

«አዎ» አልኩት።

ሳቀ። «እኔንም ያስጠላኛል። ግን ውስጤ ከሚቀር እዚያ ይሁን።»

ክረምት ሊገባ ሲል መድኃኒቷ መጣች። ቢሆንም እንደ ድሮው አልሆነም። አብረን ትምህርት ቤት ስንሄድ በየመሃሉ እየቆመ የማንጎ ዛፎቹን ያደንቃል። «ዘንድሮ እንዴት አፍርቷል!» ይላል፣ ፍሬ የሌለበትንም ሳይቀር። እያረፈ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እኔም ቀና ብዬ አብሬው አደንቃለሁ።

አድጌ ግልገል በለስ ከተማ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ ለእረፍት መጥቼ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ወጣን። ከግቢያችን ብዙም ሳንርቅ ቆመ። እንደ ልማዱ ዛፍ ሊያሳየኝ ነው ብዬ ቀና አልኩ። እሱ ግን መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

«ልጄ፣ ደክሞኛል» አለኝ። «እንመለስ።»

እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። እንዴት ቀሎ ነበር! በትንፋሹ ልክ እየተራመድኩ ወደ ቤት ይዤው ተመለስኩ።