የጉንዳን መደብ

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ሰው አንዴ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠለት ሳይቃና አይነሳም። አንዱ ደንበኛው ቢቸግረው፣ «ኧረ በቃኝ! ሥራ ልገባ ነው እንጂ ልሞሸር እኮ አይደለም!» ብሎ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ ወጥቷል። የተንጠለጠለ ነገር አይወድም። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሄዶ የመጋረጃቸውን ክር በኪስ መቀሱ ሲቆርጥ ይዤው አፍሬያለሁ።

ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ እንደዚያች ያለች ልጅ የተሰጠችው! ገና ዳዴ ስትል እናቷ ሞተችባትና ጋሼ ለብቻው አሳደጋት። ጉንዳን እያልን ነበር የምንጠራት፣ አንድ ቀን እንኳ ባዶ እጇን ቤት ገብታ ስለማታውቅ። ኪሷ ሲገለበጥ የሣር ራስ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ልብስ ላይ የሚጣበቅ እሾኻም ፍሬ ይዘረገፋል። እሱ ይጠርጋል፣ እሷ ታመጣለች። እንዲህ ሲጣሉ አደገች።

ተምራ የከተማው መናፈሻ ውስጥ ተቀጠረች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አለቆቿን ለምና ለምና ከጀርባ በኩል ያለውን ባዶ መሬት ተቀበለች፤ በየመንገዱ ዳር ረግጠናቸው የምናልፋቸውን አበቦችና ሣሮች ልትዘራበት። ጋሼ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

«አረም ልትዘሪ ነው ያስተማርኩሽ?»

«ሲያብብ ና አባዬ፤ አይተህ ትሰድበኛለህ» አለችው እየሳቀች።

መጀመሪያ ያበበ ጊዜ አልሄደም። ቅዳሜ ነው፣ ደንበኛ ይበዛል፣ ሱቁን ለማን ትቼ አለ። ሞኝ አይደለም፣ ግን የሰው ልጅ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። አበባው ረገፈ፤ ልጅቷም ብዙ ሳትቆይ ታመመች። የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆና፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ «ዘንድሮ አመለጠህ አባዬ። በሚቀጥለው ዝናብ ግን እንዳትቀር፤ በሩ አጠገብ ያለው መደብ የእኔ ነው፣ በእጄ ነው የዘራሁት» አለችው። እንደማይቀር ማለላት። በሳምንቱ ቀበርናት። የእሷ ሞት ለእኔም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ ለእሱማ ምን ተብሎ ይነገራል።

ለቅሶ ደራሹ ሲበተን ጋሼ ብቻውን ወደ መናፈሻው ሄደ። በጋው መሀል ነበር። ከሰዓት በኋላ እኔ ልብስ የምሰፋበት ክፍል ድረስ መጣ።

«ልጄን ቀብረው መደቧንም ቀበሩት!»

«ምን ሆነ?»

«ደርቋል። አገዳው ቆሞ ደርቋል፣ ራሱ ጠቁሯል፣ ሣሩ ተንጨብርሯል። አንድ የሚነካው ሰው የለም። ባለቤቷ ሞተች ብለው ጣሉት!»

እኔም ምላሴ ስለት ነው፣ መርፌዬን ወርውሬ ተነሳሁ። ደመወዝ ሲበሉ አያፍሩም ወይ፣ ሰው ሲሞት እንዲህ ነው ወይ፣ እዚያው ክፍሌ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ ብጽፈው ወረቀት አይችለውም። የሌሎቹም መደቦች ያው ደርቀው ነበር፤ ግን ጋሼ የሌላውን መች አየና።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት እዚያ ነው። በበጋ አትክልተኞቹ ሌላ ቦታ ነው የሚሠሩት። ዘበኛው ደግሞ አባቷ መሆኑን ስለሚያውቅ አንጀቱ አልችል አለው፣ ዝም ብሎ ያስገባዋል። ጋሼ ደረቁን ራስ ሁሉ አንድ በአንድ በመቀሱ ቆረጠ፤ ሣሩን አበጠረ፣ የረገፈውን በእጅ መጥረጊያ ጠረገ። የሰበሰበውን በጆንያ እየሞላ ለቆሻሻ መኪና ሰጠ። ሲጨርስ እኔንም ወስዶ አሳየኝ። መሬቱ የሙሽራ አገጭ መስሏል።

«እሰይ የእኔ ወንድም! እጅህ ይባረክ!» አልኩት። የዚያን ቀን እኔ ቤት ገባና ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ በላ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ዝናቡ መጣ። ጋሼ ቅዳሜ ሱቁን ዘጋ፤ በዕድሜው አድርጎት አያውቅም። ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ እኔን አስከትሎ ሄደ። ወይ ጉድ! ከወዲያ ያሉት መደቦች ቢጫው፣ ወይን ጠጁ፣ ነጩ ተደባልቆ፣ ሣሩ ወገብ ደርሶ፣ ንቡ እየጮኸ፣ ሰው ልጆቹን ይዞ ፎቶ ይነሳል። ለካ ይህን ነው አረም ስንል የኖርነው።

የጉንዳን መደብ ግን ጥቁር አፈር ነበር።

«የእሷ ይዘገያል» አለ ጋሼ። «ስትወለድም ዘግይታ ነው።»

በሌላውም ቅዳሜ ሄድን። በሌላውም። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አፈሩን ያያል፤ አንድ አረንጓዴ ነገር ብቅ ሲል እንደ ልጅ ብድግ ይላል፣ ጠጋ ብሎ ሲያየው የትም የሚበቅል ሰርዶ ይሆንበታል። የወዲያኞቹ መርገፍ ጀመሩ። «ጋሼ፣ ይቅርብህ፣ እንሂድ» ስለው፣ «ምዬላታለሁ እኮ» ብሎ ያፈጥብኛል።

በመጨረሻ ከጉንዳን ጋር ትሠራ የነበረችው አትክልተኛ ከወሊድ ፈቃድ ተመለሰች። ጋሼን ስታይ ሮጣ መጥታ አቀፈችው።

«አባባ፣ ምን ብዬ ዓይንዎን ልይ? አደራዋን በላን» አለች።

«ምን ሆኖ ነው የማያብበው፣ ልጄ?»

«ዘር የለውማ። የእሷ አበቦች የአንድ ዓመት ዕድሜ ነው ያላቸው፤ ደርቀው ያልቃሉ። ዘሩ እዚያው ደረቁ ራስ ላይ ይቆይና ዝናቡ ሲቃረብ በራሱ ጊዜ ይረግፋል። ለዚህ ነው በበጋ ማንም እንዳይነካው ስትለምነን የነበረው። የሌላውን መደብ ዘር መጋዘን ውስጥ አስቀምጠናል። የዚህን ግን ከአንድ መንገድ ዳር ለቅማ ነበር ያመጣችው፤ ያ ቦታ አሁን አስፋልት ሆኗል፣ ሌላ የትም አላገኘነውም።»

እኔ አግዳሚውን ይዤ ቆምኩ።

«እዚህ አፈር ላይስ የረገፈ ቢኖር?» አለ ጋሼ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

«አንዲት ፍሬ አልተረፈችም፣ አባባ። አንዱ ጠርጎ ነው የወሰደው። በመቀስ ነው የቆረጠው፣ ጉቶውን አይቻለሁ። ዘበኛው ምንም አላየሁም ይላል። ለመድኃኒት ይሁን ለመሸጥ እንጃ፣ ምን ዓይነት አረመኔ የሞተች ልጅ እጅ የዘራውን…» እንባዋ መጣ። በነጠላ ጫማዋ አፈሩን ገፋ ገፋ አደረገችና ወደ ሰማይ ቀና አለች። «እጁን ይቁረጠው!»

ዝም በይ ልላት አፌን ከፈትኩ።

ጋሼ ኮፍያውን አወለቀ።

«አሜን» አለ።