እምቧጮ የት ነው የሚኖረው?

ዘንድሮ ጥር ላይ፣ መንሱራ በሚባለው የዶሃ ሰፈር በምኖርበት ፎቅ ክፍል ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ ዝናብ ጣለና፣ ከምድር ቤቱ ምግብ ቤት የዘይት ሽታ መሀል አንድ ሌላ ሽታ ሾልኮ ገባ፤ የረጠበ አሸዋ ሽታ። ዶሃ ውስጥ ይህ ሽታ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም ሳያስፈቅደኝ አንስቶ አል ዋዓብ ወዳለው ወደዚያ ሰፊ ግቢ፣ ከቪላው ጀርባ ወደነበረችው ባለ አንድ ክፍሏ ቤታችን ይወስደኛል። ልብሱን ትቼ መስኮቱን ከፈትኩ።

አባቴ የዚያ ቤት ሹፌር ነበር፤ እናቴ ዘህራ ደግሞ ምግብ አብሳይ ነበረች። ሁለቱም ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ ወሎን በስልክ ድምፅ ብቻ የማውቅ ልጅ ነበርኩ። የቤቱ ጌታ አሮጊት እናት ነበሩት፣ ቤተሰቡ «ዩማ» ይላቸዋል፣ እማማ እንደማለት ነው፣ እኛም እንደዚያው እንላቸው ነበር። በኅዳር ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ዩማ ጥቁር ዓባያቸውን ሰብስበው ወደ በረንዳ ይወጡና፣ ዝናቡ ቀሚሳቸውን እየነካው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ተመልሰው ሲገቡ፣ «ዘንድሮ ፈጋ ይኖራል፣ ኢንሻአላህ» ይሉ ነበር። ፈጋ ከአሸዋ በታች የሚያድግ፣ ድንች የሚመስል የበረሃ እንጉዳይ ነው፤ ነጎድጓድ ካላናወጠው አይበቅልም ብለው ያምናሉ።

እናቴ ግን ስሙንም መስማት አትወድም ነበር። ለእሷ እንጉዳይ የተባለ ሁሉ «የጅብ ጥላ» ነው፤ የጅብ ጥላ ደግሞ አይነካም። አባቴ ይህን እያወቀ ሆን ብሎ ይነካካት ነበር።

«ዘህራ፣ ኳታር ውስጥ ጅብ የለ። ታዲያ ጥላውን ማን ጥሎት ሄደ?»

«ጅቡ ኖረም አልኖረ፣ ልጄ አፍ ውስጥ እንዳይገባ!»

ብርዱ ጠንከር ሲል፣ አርብ አርብ ቤተሰቡ ምንጣፍና የሻይ ፔርሙስ ጭኖ ከከተማው ይወጣ ነበር። የሚነዳው አባቴ ስለሆነ እኔም ከኋላ ከዩማ ጎን እቀመጥ ነበር። የዝናብ ውኃ አቁሮበት አረንጓዴ የለበሰ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ስንደርስ፣ ዩማ ጫማቸውን አውልቀው ዱላቸውን ይዘው ቀድመው ይወርዱ ነበር። ፈጋ የሚገኘው አንድ አጭር ቁጥቋጦ በበቀለበት አካባቢ ነው፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል መሬቱ በትንሹ አብጦ የተሰነጠቀበትን ቦታ ጥላው ያሳብቅበታል፣ እሳቸው በዱላቸው ጫፍ ያመለክቱኛል፣ እኔም ተንበርክኬ በጣቴ ቀስ እያልኩ አሸዋውን እገልጥ ነበር። ያ ቀዝቃዛ ድቡልቡል ነገር ጣቴን ሲነካኝ የነበረኝ ደስታ ዛሬም አልጠፋኝም። ዩማ ግን ከፈጋውም ይልቅ የሚወዱት ቅጠል ነበራቸው፤ ሑመይድ ይባላል፣ ወፍራምና ውኃማ ሆኖ ጎምዛዛ ነው፣ ሲያረጅ ቀያይ ፍሬ ያወጣል። ከመሬት ነቅለው፣ በቀሚሳቸው ጠርገው፣ እዚያው ቆመው ይበሉት ነበር።

ያመጣነውን ፈጋ እናቴ ውኃ እየቀያየረች አሸዋውን አጥባ፣ በሩዝና በቅቤ ሠርታ ለትልቁ ማዕድ ታቀርበው ነበር፤ እንግዳ ሁሉ እጇን ያመሰግናል፣ እሷ ግን ጨው ለመቅመስ እንኳ ምላሷ ላይ አታደርገውም። ምክንያቱን አንድ ቀን ፀጉሬን እየሠራችኝ ነገረችኝ። በእኔ ዕድሜ ሳለች አገራቸውን ክፉ ቀን መታው፣ እህሉ አለቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ እሷም ታናሽ ወንድሟን ሙሐመድን አዝላ የሚበላ ቅጠልና ሥር ስትለቅም ትውል ነበር። ሙሐመድ ከንፈሩ በቅጠል አረንጓዴ እንደሆነ ጀርባዋ ላይ ሞተ። «እኔ ባሕር የተሻገርኩት ልጄ ቅጠል እንዳትበላ ነው» አለችኝና ሹሩባውን ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው። ከዚያ ወዲያ በረሃ ከዩማ ጋር የበላሁትን ቅጠል ቤት ሳልደርስ አፌን እየተጉመጠመጥኩ አጠፋው ነበር።

በብርዱ መካከል እናቴ አረገዘች። ባለፈው ዓመት አንድ ፅንስ ወርዶባት ስለነበር ደስታችን በፍርሃት የታሰረ ነበር። የሩዙ ሽታ ያስሮጣታል፣ የበላችው አይረጋም፣ የጠጣችው ይመለሳል፤ ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀረ። ሐኪሙ ምግብ ካልያዘላት ይህኛውም እንደማይቆይ ለአባቴ ነገረው። አባቴ ሮማኑን፣ ሎሚውን፣ ተምር ሂንድ የሚሉትን የጎምዛዛ ፍሬ ጭማቂ እየተሸከመ ይገባል፣ ሁሉም ተመልሶ ይወጣል። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላሉ» አለ አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እኔ አግብቼ ነው ያረገዘችው፤ ጭንቁ ግን ያው ሆነብኝ።» ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

በእኛ ሰዎች ዘንድ ነፍሰ ጡር ያማራትን መናገር አለባት፤ ከደበቀችው ልጁ ገላ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል ይባላል። ስለዚህ አባቴ ጧትና ማታ «ምን አማረሽ?» እያለ ይጠይቃት ነበር። መልሷ ሁልጊዜ «ምንም» ነበር።

አንድ ጧት ካስመለሳት በኋላ ፊቷን ስትታጠብ ሳፋውን ይዤላት ነበር። ለእኔ ሳይሆን ለውኃው የምትነግር መስላ፣ «እምቧጮ ቢሆን ይቀመጥልኝ ነበር» አለች። «ምን አልሽ እማዬ?» ስላት «ተይው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። እምቧጮ የሚባል ዘመድ፣ ምናልባት አጎት ይሆናል፣ እሱ መጥቶ አጠገቧ ቢቀመጥላት ይሻላታል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ቀኑን ሙሉ የዚያ ሰውዬ ነገር ሲያብሰለስለኝ ዋለ፤ ረጅም ጢም ሰጠሁት፣ አውሮፕላን ላይ አሳፈርኩት። አርብ ወደ በረሃ ስንወጣ ከኋላ ወንበር ሆኜ አባቴን ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ እምቧጮ የት ነው የሚኖረው?»

አባቴ ሳቀ። «በየአጥሩ ሥር ነዋ! ሰው መሰለሽ እንዴ? ቅጠል ነው። ጎምዛዛ ነው፣ ልጆች ግንዱን እየላጡ ይበሉታል። ማን ነገረሽ?»

«እማዬ። እምቧጮ ቢሆን ይቀመጥልኝ ነበር አለች።»

ሳቁ ተቋረጠ። መኪናውን ወደ መንገዱ ዳር አውጥቶ አቆመ። እናቴ «ይቀመጥልኝ ነበር» ያለችው ሆዴ ውስጥ ይረጋልኝ ነበር ማለቷ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልገባኝም። ዩማ ምን እንደሆነ ጠየቁ፣ አባቴም በዓረብኛ ቀስ እያለ ነገራቸው፤ ሚስቱ ያማራት ጎምዛዛ ቅጠል እንደሆነ፣ ቅጠሉ በእኛ ዘንድ የረሃብ ምግብ ስለሆነ አፍራ እንደደበቀችው፣ ብንወስድላትም እንደማትበላው።

ዩማ ሜዳው ስንደርስ ፈጋውን ለሌሎቹ ተዉት፣ የሑመይዱን ለጋ ለጋ ብቻ እየመረጡ በሻርባቸው ሞሉ።

ዩማ ወደ እኛ ክፍል ገብተው አያውቁም ነበር፤ ሲፈልጉን ከግቢው ነበር የሚጠሩን። ያን ቀን ግን አባቴን እንኳ ሳይጠብቁ በሩን ገፍተው ገቡ፣ ልትነሳ የሞከረችውን እናቴን በትከሻዋ መልሰው አስተኟት፣ ጉልበታቸውን ይዘው እየቃተቱ ወለሉ ላይ ካለው ምንጣፍ ተቀመጡ። ቅጠሉን አሳጠቡኝና በሳህን መሀላቸው አስቀመጡት። እናቴ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«ዩማ፣ አይሆንም። ይሄ እኛ ዘንድ የረሃብ ነው።»

«እኛ ዘንድስ የጥጋብ መሰለሽ?» አሉ ዩማ። አንዱን ቅጠል አንስተው ጎረሱ። «ዕንቁው ገዢ አጥቶ ባሕሩ የከለከለን ጊዜ፣ ይህ ሁሉ ቤት ሳይኖር፣ እናቴ ያሳደገችኝ በዚህ ነው። እህቶቼ አላደጉም። ዓይብ የለውም፣ ነውር አይደለም ዘህራ። ያላ፣ ብይ።»

እናቴ አንድ ቅጠል አነሳችና ዓይኗን ጨፍና አኘከችው፣ ሌላም አነሳች፣ ሌላም። አባቴ በሩ ላይ እንደቆመ፣ እኔም ሳፋውን አቅፌ፣ ይመለስ ይሆን እያልን ጠበቅን። አልተመለሰም። እንባዋ ግን መጣ፣ «ሙሐመድ ግንዱን ነበር የሚወደው» አለችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ዩማ አማርኛውን ባይሰሙም ምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ እየበሉ አብረዋት ተቀመጡ።

ፀሐይዋ በርትታ ቅጠሉን እስክታደርቀው ድረስ ዩማ በየቀኑ ማለት ይቻላል እየመጡ ከእሷ ጋር ሲበሉ ሰነበቱ። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ሩዝ፣ ትንሽ ሾርባ ይረጋላት ጀመር።

በሙቀቱ መጨረሻ፣ የበሩ እጀታ እጅ በሚያቃጥልበት ወር፣ እህቴ ሐያት ተወለደች። ከጆሮዋ ኋላ የሑመይድ ፍሬ የሚመስል ቀይ ምልክት ነበራት። ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች «ምን አምሮሽ ነው የደበቅሽው?» እያሉ ሲቀልዱባት፣ እናቴ ምልክቱን ትስምና «የኔ ዝምታ ነው» ትል ነበር። ፈጋውን ግን እስከ መጨረሻው አልቀመሰችም፤ የጅብ ጥላ የጅብ ጥላ ነው።

ዩማ ካረፉ ቆዩ፣ አላህ ይዘንላቸው። ወላጆቼ ጠቅልለው ወሎ ገብተዋል። ያ ሜዳ ዛሬ ታጥሯል፣ መኪና አይገባበትም፤ ሑመይዱም እርሻ ላይ ተዘርቶ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ከፎቃችን ሥር ባለው ባቃላ ሱቅ ይሸጣል፣ ውኃው በዝቶ ጎምዛዛነቱ ቀንሷል።

በዚያ ዝናባማ ቀን መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሐያት ነበረች። ከእኔ ብሎክ ሁለት ሕንፃ አልፋ ከባሏ ጋር ነው የምትኖረው፣ የመጀመሪያ ልጇንም አርግዛለች። «ሰዓዳ! ሑመይድ አምሮኛል፣ አሁኑኑ!» አለችኝ፤ ከሥራ ባልደረቦቿ መሀል ሆና፣ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ። እናታችን ለውኃ ሹክ ያለችውን ነገር ልጇ በስልክ ትጮኸዋለች። ሳቅኩ።

ከሥራ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ሰዓት ሲደርስ ወርጄ ገዛሁና ወደ እሷ እየሄድኩ ለእናቴ ደወልኩላት። በራፏ ላይ እምቧጮ ሞልቷል፣ አጥሩን ሊወርሰው ነው ትላለች። የሐያትን ነገር ስነግራት «አልሐምዱሊላህ፣ ተናገረች» አለች።

«እየወሰድኩላት ነው እማዬ።»

«ሰጥተሻት እንዳትመለሺ። ብቻዋን አታብያት፤ ተቀመጪላት።»

ሐያት በሩን ስትከፍትልኝ ጫማዬን አወለቅኩ። ቅጠሉን አጥቤ በሳህን አቀረብኩ፣ ሩቅ አገር ይኖራል ብዬ ያሰብኩት ያ ባለ ጢም ሰውዬ ትዝ አለኝና፣ ከእህቴ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩላት።